የስንዴ ቅንጣትና የዘገየ መርዶ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የዐቢይ ጾም እኩሌታ በደረሰ ጊዜ፣ አንዲት እኅት ከቴል አቪቭ ወደ ገዳማችን መጣች። አረጋውያንን በመጦር ሥራ የምትተዳደር፣ ከሀገሯ ከወጣች ከዐሥር ዓመት በላይ የሆናት ሴት ናት። ጧፍ አበራች፤ ከዚያም የእናቷን የክርስትና ስም የጻፈችበትን ትንሽ ወረቀት ሰጠችኝ። «አባቴ፣ እናቴ ታማለች ይሉኛል፤ ድምፅዋን በስልክ ካሰሙኝ ግን ቆዩ። በሕይወት ሳለች እንዳገኛት በጸሎትዎ ያስቧት» አለችኝ።

ወረቀቱን ተቀበልሁ። ስሙን ሳነብብ እጄ ቀዘቀዘ። ከአንድ ወር በፊት አንድ ዘመዷ መጥቶ ያንኑ ስም ከሙታን ጋር እንድናስብ አደራ ሰጥቶን ነበርና። «ልጂቱ አልሰማችም፤ ብቻዋን ናት፣ ትጎዳለች፤ አደራ እንዳይነገራት» ብሎም አስጠንቅቆ ነበር። እኔም «እግዚአብሔር ይርዳሽ፣ ልጄ» ብዬ አሰናበትኋት። ቃሉ ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም።

መርዶውን የሰማችው ከስምንት ወር በኋላ ነው። ከዚያም አንድ ቀን ተመልሳ መጣች፤ አላለቀሰችም። እንዲህ አለችኝ፦ «አባቴ፣ ስሟን ከሙታን ጋር እየጠሩ፣ እኔ ለጤናዋ ስሳል ዝም ብለው አዩኝ። ለመድኃኒቷ ብዬ የላክሁት ገንዘብ ለተዝካሯ መዋሉን የሰማሁት አሁን ነው። ተዝካሯን አወጣሁ፤ እርሟን ግን አላወጣሁም። እንግዲህ በየትኛው ቀን ላልቅስላት?»

መልስ አልነበረኝም። ይህችን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያች ጥያቄ ምክንያት ነው። ሞት የሕይወት ክፍል ነው፣ የትንሣኤም ደጅ ነው እያልን የምናስተምር ሰዎች፣ ሞት በእውነት ከደጃችን ሲቆም ስለ ምን እንደ ነውር እንሸሽገዋለን?

ወደ ጌቴሴማኒ የወረዳችሁ ሁሉ በዚያ የአትክልት ስፍራ የሚገኙትን ስምንት ጥንታውያን የወይራ ዛፎች አይታችኋል። ግንዳቸው እንደ ገመድ የተጠማዘዘ፣ መካከሉ የተቦረቦረ ነው። የኢጣልያ ተመራማሪዎች መርምረዋቸው በ2012 እ.ኤ.አ. ውጤቱን ሲገልጹ፣ ዕድሜያቸው ሊለካ የቻለው የሦስቱ ብቻ ነበር፤ ግንዳቸውም በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዙሪያ የበቀለ ሆኖ ተገኘ። ይህን የሰማ አንዳንድ ተሳላሚ ያዝናል፤ ጌታችን በጸለየበት ሌሊት የነበሩት ዛፎች እነዚሁ ናቸው ብሎ ስለሚያምን ነው። እኔ ግን ነገሩ ይልቁን የሚያስደንቅ ሆኖ አገኘዋለሁ። የወይራ ዛፍ ሲያረጅ የግንዱ እምብርት ይበሰብሳል፤ የጥንቱ እንጨት ዐፈር ሆኖ ይሄዳል። ከሥሩ ግን አዲስ ቡቃያ ይወጣና ዙሪያውን እየከበበ ሌላ ግንድ ይሆናል። የተለካው ከመሬት በላይ ያለው ነው፤ ሥሩ ከግንዱ ሊቀድም ይችላል። ደግሞም የስምንቱም ዝርያ ተመሳሳይ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይኸውም ከአንድ እናት ዛፍ ተከፍለው የተተከሉ መሆናቸውን ያመለክታል። እንግዲህ ወይራው እስከ ዛሬ የቆየው አሮጌውን ግንዱን እየለቀቀ ነው።

በዚችው ሀገር ሌላ ተአምር የሚመስል ነገር ተደርጓል። በማሳዳ ምሽግ ፍርስራሽ ውስጥ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በተደረገው ቁፋሮ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ዕድሜ ያላቸው የተምር ፍሬዎች ተገኙ። ለብዙ ዓመታት በመሳቢያ ውስጥ ተቀመጡ። በ2005 እ.ኤ.አ. ከእነርሱ አንዱ በአራቫ በረሃ፣ በኬቱራ ኪቡጽ ተተክሎ በቀለ፤ ማቱሳላ ብለውም ሰየሙት። ማቱሳላ ወንዴ ነበርና ለብቻው ፍሬ አልሰጠም። በኋላ እንዲሁ ከጥንት ዘር ሐና የተባለች እንስት ተምር በቀለች፤ ከእርሱም ብናኝ ተቀብላ በ2020 እ.ኤ.አ. 111 ተምር ሰጠች። ይህን ታሪክ ስሰማ ከተአምሩ ይልቅ ያሳሰበኝ የሁለቱ ሺህ ዓመት ነገር ነው። ዘሩ በዚያ ድርቀት ውስጥ አልተበላሸም፤ ግን ደግሞ ለማንም ጥላ አልሆነም፣ ማንንም አላበላም። ውኃና ዐፈር ነክተውት ፍሬነቱን እስኪያጣ ድረስ በደኅና የተጠበቀ ጠጠር ነበር።

ጌታችን በስንዴ ቅንጣት የመሰለውን ምሳሌ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንድ ጊዜ የግብርና ትምህርት የሚማር ወጣት ተሳላሚ ከስብከት በኋላ ቀረብ ብሎ «አባታችን፣ የሞተ ዘር እኮ አይበቅልም፤ የሚበቅለው ሕያው ዘር ነው» አለኝ። መጀመሪያ ትንሽ ተቈጣሁ፤ ሳስበው ግን ልጁ እውነት ተናግሯል። በስንዴዋ ቅንጣት አንድ ጫፍ ላይ ትንሽ ፅንስ አለች፤ የቀረው አብዛኛው አካሏ ለዚያች ፅንስ የተቋጠረ ስንቅ ነው። ርጥበት ሲደርሳት ስንቁ እየሟሟ ለቡቃያው ምግብ ይሆናል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ብትቈፍሩ የምታገኙት ባዶ ገለባ ነው። እንግዲህ የሚሞተው ምንድን ነው? ቅንጣት መሆኗ ነው። የተጠራቀመው፣ ለራስ የተያዘው፣ ክቡና ሙሉ የነበረው ነገር ያልቃል፤ ያለቀውም ለሌላው በመሰጠት ነው። ልጁ ይህን ከመማሪያ መጽሐፉ ነገረኝ፤ እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን የወንጌል ክፍል ሳነብብ ቡቃያውን ብቻ ሳይሆን ገለባውንም አያለሁ።

በገዛ ሥጋችንም ይኸው ነው። ሕፃን በእናቱ ማሕፀን ሳለ እጁ መጀመሪያ እንደ መቅዘፊያ የተጣበቀ ነው፤ ጣቶቹ የሚለያዩት በመካከላቸው ያሉት ሕዋሳት ስለሚሞቱ ነው። ለማማተብ የምናነሣቸው ጣቶች የተቀረጹት፣ ገና ሳንወለድ በውስጣችን በሆነ ሞት ነው ማለት ነው። ቀይ የደማችን ሕዋስ 120 ቀን ያህል ኖሮ ያልፋል፤ በምትኩም ሌላ ይተካል። አልሞትም የሚል ሕዋስ በሥጋ ውስጥ ሲነሣ ምን እንደሚሆን ካንሰር የያዘውን ሰው ያስታመመ ያውቃል። ከመኖር ጋር የተጋባ መሞት አለ፤ እርሱ ቢቀር መኖርም ይቀራል።

እስከዚህ የተናገርሁት ለዛፍና ለዘር እውነት ነው። ነገር ግን የሃያ ዓመት ልጇን የቀበረች እናት ፊት ቆሜ ይህን ብናገር፣ አፌን በያዘችልኝ ነበር። ልጇ ቅንጣት አይደለም። በእርሱ ፈንታ የሚበቅል ሌላ ልጅ እርሱ አይደለም። የወይራው ሥር አዲስ ቡቃያ ሲያወጣ አሮጌው ግንድ ስም አልነበረውም፤ ማንም በስሙ ጠርቶት «አቤት» አላለም። ሰው ግን ስም አለው። ሞት የተፈጥሮ ሥርዓት ነውና አታልቅሱ የሚል ሰው፣ ተፈጥሮን ዐውቆ ሰውን ያላወቀ ነው።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያንም ሞትን በአንድ ዐይን ብቻ አታይም። ሰው ለሞት እንዳልተፈጠረ ታስተምራለች፤ ሞት ከውጭ የገባ ጠላት ነው ትላለች። በዚያው አንደበት ደግሞ ሞት እንቅልፍ ነው፣ ዕረፍት ነው፣ ወደ ሕይወት መሻገሪያ ነው ትላለች። ሁለቱ የሚጋጩ የሚመስሉት በቃል ብቻ ሲነገሩ ነው። ከዴር ሡልጣን ተነሥታችሁ በአርባዕቱ እንስሳና በቅዱስ ሚካኤል ቤተ መቅደስ በኩል ወደ ታች ወርዳችሁ፣ ወደ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ግን ነገሩን በእግራችሁ ትማሩታላችሁ። በስተቀኝ ባለው ደረጃ ወደ ጎልጎታ ትወጣላችሁ፤ ከዚያ ወርዳችሁ በስተግራ ጥቂት ብትራመዱ ከባዶው መቃብር ትደርሳላችሁ። ሁለቱም በአንድ ጣራ ሥር ናቸው። ከጎልጎታው በታች ደግሞ የአዳም የሚባለው ቦታ አለ፤ የአዳም ራስ ቅል በዚያ እንዳረፈ አበው በትውፊት ይናገራሉ። ብዙ ተሳላሚ ወደ መቃብሩ ለመድረስ ይቸኩላል። እኔ ግን ከሁለቱ መካከል ያለችውን አጭር መንገድ ቀስ ብላችሁ እንድትራመዱ እመክራለሁ፤ የኛ የሰዎች ኑሮ በአብዛኛው በዚያች መካከል ነውና። ጌታችን አልዓዛርን ሊያስነሣው እንደ ሆነ እያወቀ በመቃብሩ ደጅ አልቅሷል። ቢታንያ ለሄዳችሁ፣ ከጠባቡ ደረጃ ሥር ቆማችሁ ይህን አስቡ፤ ትንሣኤን ማወቅ ዕንባን አልከለከለም።

አባቶቻችንና እናቶቻችንም ይህን ስለሚያውቁ ለሞት ሥርዓት ሠሩለት። ፍትሐት አለ፤ ከዚያ ሣልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት አለ። ይህ ሁሉ ለሙታን ነፍስ ምሕረት የሚለመንበት ነው፤ ለሕያዋንም መንገድ ነው። ኀዘንተኛው በመጀመሪያው ቀን ፍራሽ ላይ ይወድቃል፤ ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል፤ የእድሩ ድንኳን ይተከላል፤ ንፍሮ ይቀርባል። (ንፍሮ የተቀቀለ ስንዴና ባቄላ ነውና ከእንግዲህ ሊበቅል አይችልም፤ ግን ያለቀሰውን ሰው ያቆመዋል። ስንዴ የሚሰጠው በመብቀል ብቻ አይደለም።) በአርባው ቀን ኀዘንተኛው ቀና ብሎ ሰው ይቀበላል፤ በዓመቱ ራሱ ሌላ ለቅሶ ይደርሳል። ኀዘኑ አልጠፋም፤ ተዘርቶ ሌላ ነገር ሆነ። በሀገር ቤት ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን ከብቦ የሚታየው የጥድና የወይራ ደን ሥሩን የሰደደው በመቃብር መካከል ነው። ሕፃናት በዚያ ጥላ ሥር ዳዊት ይደግማሉ፤ ይህን እንደ እንግዳ ነገር የሚቈጥር ማንም የለም።

እኛ መነኰሳትም ስንመነኵስ እንደ ሞተ ሰው ተቈጥረን ጸሎተ ፍትሐት ይደርስልናል። ሕያው ሆኖ የገዛ ፍትሐቱን የሰማ ሰው ሞትን የማይፈራ ይመስላችኋል። እኔ ግን ያችን ወረቀት በእጄ ይዤ ፈራሁ። የፈራሁትም የእርሷን ዕንባ ነው፤ ሌላ ምክንያት ብሰጥ ራሴን ማታለል ይሆናል።

አሁን ስለ መርዶ ልናገር። መርዶ ከሕዝባችን ጥበብ አንዱ ነው። ሰው ብቻውን ሳለ፣ በመንገድ ወይም በሥራ ላይ ሳለ፣ በሌሊት እንቅልፍ መካከል ሳለ አይረዳም። ዘመድ ይሰበሰባል፤ ጎሕ ሲቀድ፣ የሚከበር ሽማግሌ ይዘው ከቤቱ ይገባሉ፤ ሲወድቅ የሚይዙት እጆች አስቀድመው ይዘጋጃሉ። የሚዘገየው ለሰዓታት፣ ቢበዛ ለጥቂት ቀናት ነው፤ የሚዘገየውም እንዲነገር ተብሎ ነው። ወደ ባዕድ ሀገር በተሰደድን ጊዜ ግን ሥርዓቱ ተጣመመ። የሚሰበሰብ ዘመድ የለም፤ ስለዚህ «ጊዜው ሲመች» ተብሎ ይተዋል፤ ጊዜውም አይመችም። ፈቃድ የላትም፣ አሠሪዋ አይለቃትም፣ ወረቀቷ አልተስተካከለም፣ መሄድ የማትችል ከሆነ ማወቋ ምን ይጠቅማታል ይባላል። ወር ወርን ይወልዳል። ስልክ ሲደወል «ተኝታለች»፣ «ጠበል ሄዳለች» ይባላል። የምትጠረጥረውም ልጅ ደጋግማ መጠየቅን ትተዋለች። ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ይደብቃል፤ ፍቅር ነው ብለውም ያምናሉ። ፍቅር እንደ ሆነ እኔም አልክድም። ነገር ግን ዘሩን እንዳይበሰብስ ብሎ በመሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጥ ፍቅር ነው።

በዚች ሀገር የሚኖሩ ወንድሞቻችን ቤተ እስራኤልም ይህን ሕመም ያውቁታል። በሱዳን በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ሲመጡ በመንገድና በመጠለያ ሰፈር ወደ 4,000 የሚገመቱ ወገኖቻቸው አልቀዋል። በኢየሩሳሌም ዕለት በሄርጽል ተራራ መታሰቢያቸው ፊት ሲሰበሰቡ፣ ብዙዎቹ ከመቃብር ይልቅ ስም ብቻ የቀራቸው ናቸው። በአይሁድ ሕግ ደግሞ አንድ የሚያሳስብ ሥርዓት አለ። ለቅርብ ዘመድ ሰባት ቀን በኀዘን ይቀመጣሉ፤ የሞቱ ወሬ ከ30 ቀን በኋላ ለደረሰው ሰው ግን ወሬው የሩቅ ወሬ ይባላል፤ የሚቀመጠውም አንዲት ሰዓት ብቻ ነው። የአባትና የእናት ኀዘን ከዚህ የጠበቀ ነው። ሥርዓቱ የእኛ አይደለም፤ ግን ዘግይቶ የደረሰ መርዶ እንደ ሌላው መርዶ እንዳልሆነ የጥንት ሰዎች አስተውለው ነበር። ቢያንስ አንዲት ሰዓት ሰጡት። ያቺ እኅታችን «በየትኛው ቀን ላልቅስላት» ስትል የጠየቀችው ይህችኑ ሰዓት ነበር።

ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ፣ «ብትነገር ኖሮ ራሷን ብትጎዳስ?» ይሉኛል። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ብቻዋን በሰው ቤት የምታድር ልጅ በስልክ ብትረዳ፣ ከጎኗ የሚይዛት ማን አለ? ስለዚህ በስልክ ይነገር አልልም። የምለው ስልኩ ወደ እርሷ ሳይሆን ወደ ሌላው ይደወል ነው። በቴል አቪቭም፣ በሐይፋም፣ በኢየሩሳሌምም የሀገር ልጅ አይጠፋም፤ የማኅበር እኅት አለች፤ ካህን አለ። ሁለት ሦስት ሰው ይሰብሰብ፤ የዕረፍት ቀኗ ይጠበቅ፤ ጎሕ ሲቀድ ይሄዱ። ሀገር መግባት ባትችል በዚህ ፍትሐት ይደርሳል፤ ጸሎቱ ባሕር አያግደውም። አርባው ካለፈ ሙት ዓመቱ አለ። መደበቅ ለዘመድ ይቀልላል፤ መንገር ግን ከነገሩ በኋላ አብሮ መቀመጥን ይጠይቃል። እኔም በዚያን ቀን ያልሰጠሁት መቀመጡን ነው። የዘመዷን አደራ መጠበቅ ነበረብኝ ብዬ ለራሴ ስናገር ከርሜአለሁ፤ ግን ቢያንስ ያንን ዘመድ ጠርቼ «ልጅህ ለጤና እየተሳለች ነው፤ ይህ ከዚህ በላይ አይቆይም» ማለት እችል ነበር። አላልሁም።

ያን ቀን ከጥያቄዋ በኋላ ብዙ ዝም አልን። በመጨረሻ ይቅርታ ጠየቅኋት። ይቅር አለችኝ አላለችኝም፤ «ቀኑን ይንገሩኝ» ብቻ አለች። የሚቀጥለውን ቅዳሜ ነገርኋት። አራት ሴቶች ይዛ መጣች፤ በትልቅ ሳሕን ንፍሮ ይዘው ነበር። ፍትሐት ደረሰ። ከዚያ ከግቢው ጥግ፣ ከዛፉ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች፤ ሴቶቹም አብረዋት አለቀሱ፤ ከእነርሱ ሁለቱ እናቷን አይተዋት አያውቁም። ለማልቀስ የመጡት ለእርሷ እናት ይሁን ለራሳቸው፣ ማንም አልጠየቀም። በዚያው ዕለት ከመካከላቸው አንዲቱ ወደ እኔ መጥታ፣ አባቷ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሆነው እንደሚችል እንደምትጠረጥር፣ ቤተሰቦቿም እንደማይነግሯት ገለጸችልኝ። የዘመዶቿን ስልክ ቍጥር ተቀበልሁና ለመደወል ተነሣሁ።

ስትሄድ የመጀመሪያዋን ወረቀት መለስሁላት፤ በመጽሐፌ መካከል ይዤው ኖሮ ነበር። ተመለከተችው፤ ከስሙ በላይ «ስለ ጤናዋ» ብላ የጻፈችውን በእስክሪብቶ ሰረዘች፤ ስሙን ግን አልነካችውም። ከዚያም አጥፋ መልሳ ሰጠችኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።